ቁልቁለት ላይ የሚከዳ ፍሬን

ግቢያችን ውስጥ ስረግጠው ድንጋይ የረገጥኩ ያህል ይይዛል። በሩን አልፌ አስፋልቱ ላይ ስወጣም ይይዛል። ከንፋስ መውጫ ወጣ ብሎ ያለውን ረጅም ቁልቁለት ስጀምር እንኳ፣ እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ላይ ይይዛል። መሀል ላይ ስደርስ ግን ፔዳሉ እግሬ ስር ሊጥ ይሆንና እስከ ወለሉ ይሰምጣል። እንደ ምንም ዳር ይዤ ቆሜ፣ ላቤን ጠርጌ፣ ጥቂት ቆይቼ እንደገና ስረግጠው ተመልሶ ድንጋይ ሆኗል። ይህን ለሰው ስነግር ሰው የሚያዝነው ለእኔ ነው እንጂ ለመኪናዋ አይደለም።

ፍሬን ወይ ይይዛል ወይ አይይዝም ብዬ ነበር የማምነው። አንዳንድ ባልደረባ እንደሚያደርገው ፊት ለፊት እየሳቀ፣ ዞር ሲሉ የሚከዳ ፍሬን መኖሩን አላውቅም ነበር።

መኪናዋ አጭሯ ላንድሮቨር ናት። አባቴ የትምህርት ሱፐርቫይዘር በነበሩ ጊዜ መሥሪያ ቤቱ አርጅታለች ብሎ በጨረታ ሲያወጣት ገዟት፤ ገዝተውም ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን አካለሉባት። ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረና ቀኝ እግራቸው አልታጠፍ ካለ ወዲህ ግን ባሕር ዛፉ ስር ቆማ ቀረች። ዶሮዎቻችን ወንበሯ ላይ እንቁላል ይጥሉ ነበር። ለቆርቆሮዋ ብሎ የሚጠይቃቸው ሰው ሲመጣ አባቴ “ሰው ታሞ ተኛ ተብሎ ይሸጣል እንዴ?” ብለው ያባርሩታል።

ከተኛችበት ያስነሣት ከስማዳ የመጣ አንድ ስልክ ነው። የአባቴ ታላቅ እህት የሚኖሩት ከወገዳ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው። እናታቸው ገና በልጅነታቸው ስለሞቱ አባቴን አዝለው ያሳደጓቸው እኒህ አክስቴ ናቸው፤ አባቴም እስከ ዛሬ ስማቸውን ጠርተው አያውቁም፣ “እትየ” ነው የሚሏቸው። የጎረቤት ሰው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይዞላቸው፣ ስልክ የሩቅ ነገር ነውና እየጮኹ አወሩ። አባቴ ድምፁን ከፍ አድርገው ስለሚሰሙ ሁላችንም ሰማን።

“ዓይኔ እየከዳኝ ነው። ደብረ ታቦር ወስደው አሳይተውኝ ነበር፤ ዘግይተሻል፣ ከእንግዲህ አይመለስም አሉኝ። ጨርሶ ሳይጠፋ ፊትህን አንድ ጊዜ ልየው፣ ልጄ።”

አባቴ ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጆሯቸው ላይ ይዘውት ቆዩ።

መሄዱማ ቀላል ይመስላል። ግን እግራቸው ስለማይታጠፍ ሚኒባስ ውስጥ የሚገቡበት መንገድ የለም። ኮንትራት መኪናም አምጥተን ሞክረን ነበር፤ ከከተማው ሳንወጣ ከእግራቸው ሕመም የተነሣ ፊታቸው ዐመድ መሰለና “መልሱኝ” አሉ። የላንድሮቨሯ የፊት ወንበር ግን ብረት አስበይደን ወደ ኋላ ብናስገፋው እግራቸውን ዘርግተው ሊቀመጡ ይችላሉ። ሌላ መላ አጣን። ስለዚህ ያች የዶሮ ቤት ትነሣ ተባለ። አባቴ መንዳት አይችሉም፤ እናቴ አትነዳም። መንጃ ፈቃድ ያለኝ እኔ ነኝ። የባዮሎጂ መምህርት ነኝ፤ ባል የለኝም፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ “መኪና አገባች” ተባልኩ።

መካኒኩ አብሮኝ የተማረ ሰው ነው። አሥረኛ ክፍል ሆነን ከእኔ እየኮረጀ ከእኔ የበለጠ ውጤት ያመጣ ነበር፤ እስከ ዛሬ ድረስ ይህ እንዴት እንደሆነ አልገባኝም። ጋራዡን ሲዘጋ ወደ እኛ ግቢ እየመጣ ይሠራ ነበር። ሞተሯን አስነሣት። የበሰበሰ ወለሏን ቆርጦ በአዲስ ቆርቆሮ በየደው። ቀለሟን አባቴ ራሳቸው መረጡ፤ “እንደነበረችው ትሁን” ብለው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሦስት ዓይነት አረንጓዴ አስቀቡና ሦስቱንም አይደለም አሉ። በመጨረሻ የበሩ ማጠፊያ ስር ተደብቆ የቀረ አሮጌ ቀለም ተገኘና በእሱ ልክ ተቀላቀለ።

ፍሬኑ ለመጨረሻ ቀረ። መካኒኩ ጎማዎቹን አውልቆ ታምቡሩን በመዶሻ እያባበለ ሲከፍተው ውስጡ አንድ ሙሉ የአይጥ ቤተሰብ የኖረበት ጎጆ ተገኘ። ታምቡሩን ከውስጥ እየታከከ ጎማውን የሚያቆመውን ሸራ በአዲስ ቀየረ። ዘይቱ እንዳያመልጥ የሚይዙትን ትንንሽ ጎማዎች፣ እነሱ ጎሚኒ የሚሏቸውን፣ ቀየረ። ከዚያ እኔን አጠገቡ አስቀምጦ አስተማረኝ።

“ፔዳሉን ስትረግጭ ዘይቱ ይገፋል። ዘይቱ ጎሚኒውን ይገፋል። ጎሚኒው ሸራውን ከታምቡሩ ጋር ያጣብቃል። እንግዲህ መኪናዋን የሚያቆማት ዘይቱ ነው፤ ሌላው ሁሉ አጃቢ ነው።”

ደም በደም ስር እንዴት እንደሚገፋ በየዓመቱ ስለማስተምር ወዲያው የገባኝ መሰለኝ። እናቴ አጠገባችን ምስር እየለቀመች ነበር፤ እሷም የገባት መሰላት።

በቱቦው ውስጥ የቀረውን አየር ማስወጣት የሁለት ሰው ሥራ ነው። እኔ ወንበሩ ላይ፣ እሱ መኪናዋ ስር። “ርገጭ! ያዥ! ልቀቂ!” ይላል። እረግጣለሁ፣ እይዛለሁ፣ እለቃለሁ። የተረፈውን ዘይት ከነጠርሙሱ መስኮታችን ላይ አስቀምጦ ይሄዳል፤ በማግስቱ መጥቶ የጎደለውን ይሞላል፤ እንደገና “ርገጭ!” ፔዳሉ ጠንክሮ አላስረግጥ ሲል ተሳሳቅን። አባቴ ከበረንዳው ሆነው አጨበጨቡ።

ለሙከራ ቁልቁለቱን ስንወርድ እሱ አጠገቤ ነበር። መሀል ላይ ፔዳሉ ሰመጠ። መጀመሪያ እግሬ ስቶ ሌላ ነገር የረገጥኩ መስሎኝ ወደ ታች አየሁ፤ ያ ነበር ትልቁ ስህተቴ፤ ቀና ስል ኩርባው ደርሷል። መካኒኩ “ማርሽ! ማርሽ ቀንሽ!” እያለ የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጁ ሳበው። መኪናዋ ጮኸች፣ ተንገጫገጨች፣ በግራ በኩል ያለው የአፈር ቁልል ላይ አፍንጫዋን ተክላ ቆመች። በቀኝ በኩል ያለውን አላየሁትም፤ ማየትም አልፈለግኩም። ወርጄ መንገዱ ዳር ተቀመጥኩ። እሱ ግን ወደ መኪናዋ ገብቶ ፔዳሉን ረገጠው።

“ይይዛል እኮ!” አለ። ውሸታም ነሽ የሚለኝ መሰለኝ። ወርዶ ዞሮ ተመልሶ ረገጠው። “ምን ጉድ ነው? ይይዛል!”

እንዲህ ሆነን ነው እንግዲህ ግራ መጋባት የጀመርነው። መጀመሪያ አየር ቀርቶበታል ተባለና ርገጭ ያዥ ልቀቂ ዳግም ተጀመረ። ለሁለተኛ ጊዜ ወረድን፤ በጣም ቀስ ብለን፣ በአንደኛ ማርሽ፤ ሰመጠ። ከዚያ ሸራው ታምቡሩን እያሸ ያግለዋል ተባለና ተፈትቶ ላላ ተደርጎ ታሰረ። ከዚያ ጎሚኒው ጥራት የለውም ተባለና ከባሕር ዳር ሌላ መጣ፤ መንገድ አንድ ሳምንት ተከፍቶ ሌላ ሳምንት ስለሚዘጋ እሱንም ስንጠብቅ ከረምን። ሞላን፣ አየር አስወጣን፣ ወረድን። ሰመጠ። እኔ የማይገባኝን ነገር መጥላት ስለምወድ መኪናዋን ጠላኋት። ጎማዋን በእርግጫ መታሁና ጣቴ አበጠ።

ደብተር ሳርም የማየው ፔዳል ነው። አንድ ተማሪ ልብ ደምን እንዴት እንደምትገፋ የጻፈውን ሳነብ “ቁልቁለት ላይስ?” ብዬ ጠርዙ ላይ ጽፌበት ኋላ ሰረዝኩት።

መካኒኩም ደረቱን ነፍቶ መምጣቱን ተወ። አንድ ቀን የጎማውን ጎሚኒ ፈልቅቆ ሲያወጣው ዙሪያው ያለው ብረት ዝጓል። በጣቱ አሽቶ አሸተተው።

“ውሃ ገብቶበታል” አለ። “ዘይት ያለበት ብረት እንዲህ አይዝግም።”

“ከየት ይገባል? ዝናብ የለ። አላጠብናት።”

“ዘይቱን ነዋ የቀላቀሉብን! ሻጩ ነው!”

ተያይዘን ሄድን። ሻጩ በማርያም ማለ፤ እኔም በማርያም ማልኩበት። ሰው ተሰበሰበ። በመጨረሻ ያልተከፈተ ጠርሙስ ከካርቶን አውጥቶ “ከዚህ ላይ ክፈቱና እዩ” ብሎ ሰጠን። እሱንም ይዘን ሄደን ሞላን፤ የቀረውን መስኮት ላይ አስቀመጥን፤ በነጋታው ጨምረን፣ አየር አስወጥተን ወረድን። ሰመጠ። በዚህ ጊዜ ብቻዬን ነበርኩ፤ መካኒኩ ጋራዡ ውስጥ ሥራ ስለነበረበት “አንች ሂጅ፣ አሁንስ ይይዛል” ብሎኝ ነበር። የእጅ ፍሬኑን እየጎተትኩ፣ እያለቀስኩ፣ በመንገዱ ውስጠኛ ዳር ያለውን ግንብ እየታከኩ ቆምኩ። አዲሱ አረንጓዴ ቀለም ተላጠ። ፍርሃቱ ሳይሆን አለማወቄ ነው ያስለቀሰኝ። ሰው የሚገድለውን ነገር እንኳ ማወቅ አለበት።

አባቴ በየቀኑ “ደረሰ?” ይሉኛል። “ሊደርስ ነው” እላቸዋለሁ። ከስማዳ ሲደወል በረንዳውን ትቼ ጓዳ እገባለሁ፤ ድምፁ ግን ጓዳም ይደርሳል። መጀመሪያ ላይ አክስቴ “የጎረቤቴን ፊት በደንብ አላየውም” ይሉ ነበር። ቆይቶ “ሰው መሆኑን ነው የማየው” አሉ። ከዚያ “በሩን አየዋለሁ፣ ብርሃኑን” አሉ። እኔ እዚህ ጎሚኒ እየቀየርኩ እዚያ እሳቸው ላይ ቀኑ እየመሸባቸው ነበር።

ደብረ ታቦር ለሥልጠና ስሄድ ከሌላ ሱቅ፣ ሌላ ዓይነት የፍሬን ዘይት ገዛሁ። ክዳኑ ተጭኖ ካልሆነ የማይዞር፣ ለልጆች እንዳይከፈት የተሠራ ዓይነት ነው። መካኒኩ በማግስቱ ጠዋት ሊመጣ ስለነበር እንደተለመደው መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት።

ጠዋት በረንዳው ላይ ፊቴን ስታጠብ እናቴ መጣች። በአንድ እጇ አዲሱን ዘይት፣ በሌላው እጇ የኪዳነ ምሕረት ጸበል ያለበትን ሃይላንድ ይዛለች።

“ይህን ክዳን ክፈችልኝ፤ ጠበቀብኝ።”

“ምን ልትሠሪበት?”

“ጸበሉን ልጨምርበት ነዋ” አለች፤ ወጡ ላይ ጨው ልጨምር የምትል ያህል ነው። “የስከ ዛሬው እንዲህ አያስቸግርም ነበር።”

ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ ገባ። “የስከ ዛሬው?”

“እንዴ! ሁልጊዜ እኮ ነው የምጨምርበት። የሚያቆማት ዘይቱ ነው አላላችሁም? ታዲያ ጎማው ላይ ልርጨው?”

እናቴን የማያውቅ ሰው አያምንም። ለዘር የሚወጣው ገብስ ላይ ጸበል ትረጫለች። የላሚቱ መጠጫ ውስጥ ጸበል ትጨምራለች። የእኔ ስልክ ተበላሽቶ ሲመለስ ጸበል ረጭታበት ተመልሶ ተበላሽቷል። ይህን ሁሉ ስታደርግ አታወራም፤ ጸበል ሲሰጥ አይለፈፍም ትላለች። እኛ ጎሚኒ ስንፈታ፣ ከሻጭ ጋር ስንማማል፣ እሷ ማለዳ ተነሥታ፣ አማትባ፣ ከጠርሙሱ የጎደለውን ያህል ሞልታ ክዳኑን ትመልስ ነበር።

በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር ገባኝ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይግላል። ዘይቱ ሙቀቱን ይችለዋል፤ ውሃው ግን ይፈላና እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ቢረግጡት ይጨመቃል እንጂ አይገፋም። ሲበርድ ተመልሶ ውሃ ነው፤ ተመልሶ ይይዛል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ጮህኩ።

“ልትገድይኝ ነው እንዴ? ገደል አፋፍ ላይ የቆምኩት በአንች ምክንያት ነው! ውሃ እኮ ነው የጨመርሽበት!”

“ውሃ አይደለም” አለች ቀስ ብላ። “ጸበል ነው።”

ለተማሪ ቢሆን የማስረዳው ነገር ነበረኝ፤ እናቴ ግን የማታውቀውን ነገር አይደለም የተናገረችው። ሃይላንዱን ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠች። አባቴ በረንዳው ጫፍ ላይ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል።

“ለአባትሽ ብየ መስሎሽ?” አለች እናቴ። “እሳቸውማ ኖረዋል። እትየም ኖረዋል። መሪውን የያዝሽው አንች ነሽ። ያን ቁልቁለት አውቀዋለሁ እኮ። ሌላ ምን አቅም አለኝ?”

ቁጣዬን የት ላድርገው? ልስቅ ፈለግኩ፣ ላቅፋት ፈለግኩ፣ ደግሞ እንደገና ልጮህባት ፈለግኩ። ከሁሉም አንዱንም ሳላደርግ ፊቴን ከነሳሙናው በነጠላዬ ጠርጌ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ ያስተማርኩትን አላስታውስም።

መካኒኩ ሲሰማ መጀመሪያ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ኋላ ሳቁን አቁሞ ቁልፉን በእጁ አገላበጠ።

“ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ከገደል የመለሰሽ ምንድን ነው?” አለኝ።

“የእጅ ፍሬኑ ነዋ! የአፈሩ ቁልል! ግንቡ!”

“እሺ” አለ። ያላመነኝ ሰው “እሺ” ነበር። እኔም ራሴን በደንብ እንዳላመንኩት ታወቀኝና ተናደድኩ። ሻጩን ይቅርታ የጠየቀው እሱ ነው፤ እኔ በዚያ ሱቅ በር እስከ ዛሬ አላልፍም።

ሥራው ከሀ ተጀመረ። ዘይቱ በሙሉ ፈሰሰ። ቱቦው በአልኮል ታጠበ። የዛገው ተወርውሮ አዲሱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መንገዱ ደግሞ ተዘጋ። እናቴ በዚያ ሁሉ ጊዜ ወደ መኪናዋ አልቀረበችም። ምስሯን የምትለቅመው ጓሮ ሆነ። ከስማዳ ሲደወል ሥራዋን ትታ ትሰማለች፤ አክስቴ ስለ ዓይናቸው ማውራት አቁመው ስለ ዝናብ ያወሩ ጀመር፤ እሱ ይበልጥ አስፈራን።

ተጠናቆ ቁልቁለቱን ስወርደው ያዘ። ታች ድረስ ወርጄ፣ ዞሬ ወጥቼ፣ እንደገና ወረድኩ፤ ያዘ። ብቻዬን መኪናዋ ውስጥ ሆኜ እልል አልኩ።

የምንሄድ ዕለት አባቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጺማቸውን ተላጭተው፣ በአራት ሰው ድጋፍ ወጡ። እግራቸው ተዘረጋ፤ ወንበሩ ልካቸው ሆነ። እናቴ በሩ ላይ ሃይላንዷን ነጠላዋ ስር ደብቃ ቆማለች፤ ወደ እኔም ወደ መኪናዋም አታይም። ኮፈኑን ከፈትኩና የራዲያተሩን ክዳን አነሣሁ።

“ነይ፣ እማ። ይኸኛው ውሃ የሚጠጣው ነው። የፈለግሽውን ያህል።”

አላመነችኝም። ጠጋ ብላ ውስጡን አየች፤ በእርግጥ ውሃ ነው። አማተበችና እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጨመረችው። ከዚያ ከኋላ፣ ከገብሱና ከቅቤው አጠገብ ገብታ ተቀመጠች።

በታች ጋይንት በኩል ወደ ስማዳ ስንወርድ እያንዳንዱ ኩርባ ላይ ፔዳሉን ሲያስፈልገኝ ቀርቶ ሳያስፈልገኝም እረግጠዋለሁ። አባቴ “ፍሬን አታብዥ፣ በማርሽ ያዣት” ይሉኛል፤ እናቴ ከኋላ “ተዋት! ትርገጥ!” ትላለች። ወገዳን አልፈን ኮረኮንቹን ስንጨርስ ቀኑ ገና ነበር። መንደሩ በሙሉ ወጣ።

የአክስቴ ቤት ውስጥ ጨለም ይላል። አክስቴ መደቡ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ይጠብቁ ነበር። አባቴ ጎንበስ ብለው የእህታቸውን ጉልበት ሊስሙ ሞከሩ፤ እግራቸው አላስጎነብስ አላቸው፤ አክስቴ ጎትተው አንገታቸውን ሳሟቸው። ተላቀሱ። ከዚያ አክስቴ “በል እዚያ በርጩማው ላይ፣ ብርሃኑ ላይ ተቀመጥልኝ” አሉ። “ልይህ።”

አባቴ በሩ አጠገብ ባለው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። እናቴ ገብሱን ልታወርድ ወጥታ ነበር። አክስቴ ዝም ብለው ወደ በርጩማው ያያሉ። በርጩማው ዝቅ ያለ ስለሆነ አባቴን እግራቸውን አሠቃያቸው፤ ትንሽ ከታገሡ በኋላ ግድግዳውን ይዘው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ተነሥተው በሌላው በኩል ካለው ከፍ ያለ መደብ ተቀመጡ። እግራቸውን ዘረጉ። አክስቴ ግን አሁንም ባዶውን በርጩማ እያዩ ነበር። ፊታቸው በርቷል።

“አባታችንን መሰልህ” አሉ፣ ለበርጩማው። “ሽበትህ ሳይቀር የእሱ ነው። እንዲያው ቁርጥ እሱን!”

አባቴ ወደ እኔ አዩ። የሰፈሩ ሰው ውጭ ስለ መኪናዋ ይጯጯሃል። አባቴ ግድግዳውን ያዙ፣ ከንፈራቸውን ነከሱ፣ ያን የማይታጠፍ እግር እየጎተቱ፣ ጭቃው ወለል ላይ ኮቴያቸው እንዳይሰማ እየተጠነቀቁ ተመልሰው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ላባቸው ግንባራቸው ላይ ወጥቷል።

“እውነት፣ እትየ?” አሉ ከዚያ ሆነው። “ብዙ ሰው ይህንኑ ይለኛል።”

አክስቴ እየሳቁ እጃቸውን ዘረጉ።

ስንመለስ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰትን እንወጣ ነበር። ከኋላ የእናቴ ትንፋሽ ይሰማኛል፤ ልትጠይቅ ፈልጋ እንደፈራች አውቄያለሁ። ዘግይተን እንደሆነ፣ ያዘገየችው እሷ እንደሆነች፣ ስንት ሳምንት ሲያብሰለስላት እንደከረመ ጠፍቶኝ አይደለም። በመጨረሻ አንገቷን በሁለታችን መሀል አስገባች።

“እትየ አዩዎት?” አለች አባቴን።

“አይታኛለች” አሉ አባቴ ጥያቄው አፏ ላይ ሳያልቅ። “በደንብ አይታኛለች። አባታችንን መሰልህ አለችኝ።”

“እሰይ! እሰይ፣ እመቤቴ!” አለች እናቴ፤ ወደ ኋላ ተደግፋ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። እኔ ዓይኔን ከመንገዱ ሳልነቅል በጎን አየኋቸው። አባቴ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ቀኝ እግራቸውን በሁለት እጃቸው ያሹ ነበር።